የቀኑ ፈረቃ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ይዞኝ ነው። ከኪቶ ይዤው የመጣሁት ስጦታ ነው።

ኪቶ የኢኳዶር ዋና ከተማ ናት። ልሄድ ነው ስል «እዚያ ደግሞ ምን አለሽ?» ያላለኝ ሰው የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምንም የለኝም። ርካሽ ቲኬት አገኘሁ፣ ያልወሰድኩት ዕረፍት ነበረኝ፣ ቆረጥኩ። ምክንያቱን የፈለግኩት ከቆረጥኩ በኋላ ነው። እሱንም አገኘሁት። ዩኔስኮ የዓለም ቅርሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው በፈረንጆቹ 1978 ነው። ያኔ የገቡት 12 ቦታዎች ብቻ ናቸው። ከነሱ ሁለቱ የኛ ናቸው፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። ሁለቱ ደግሞ የኢኳዶር ናቸው፣ የጋላፓጎስ ደሴቶችና ኪቶ ከተማ። ላሊበላና ኪቶ ማለት በአንድ ቀን የተመዘገቡ ያንድ ክፍል ልጆች ናቸው። «የክፍል ጓደኛችንን ልጠይቅ ነው የምሄደው» ማለት ጀመርኩ።

ኪቶ ከባሕር ወለል 2850 ሜትር ላይ ናት። ሆቴሉ ውስጥ ያሉት ልጆች «የመጀመሪያውን ቀን ቀስ በይ፣ ከፍታው ያምሻል» ሲሉኝ ሳቅኩ። እኔ? የጉለሌ ልጅ? እንጦጦን በእግሬ ስወጣ ያደግኩ? ችግሩ፣ ከዚያ ወዲህ 11 ዓመት ቨርጂኒያ ኖሬያለሁ። ለካ ሳንባዬ ሳይነግረኝ ዜግነት ቀይሯል።

ያወቅኩት ባዚሊካው ላይ ነው። ባዚሊካ ዴል ቮቶ ናስዮናል ይሉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጀመረ ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአውሮፓዎቹን ካቴድራሎች ይመስላል። ግን ቀና ብላችሁ የዝናብ መውረጃዎቹን እዩ። አውሮፓ ቢሆን ዘንዶና ጭራቅ ነበር የሚቀረጸው። እዚህ የራሳቸው አገር እንስሳት ናቸው፣ ኤሊ፣ ኢጓና፣ ጦጣ። እኔ ኤሊዋን ወደድኳት። ከዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ አንገቷን አስግጋ መንገደኛውን ታያለች።

ማማው ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ከጣሪያው ሥር፣ ከቅስቶቹ በላይ፣ በእንጨት ድልድይ ትሻገራላችሁ። ከዚያ የብረት መሰላል ይመጣል። ደረጃ አላልኩም፣ መሰላል ነው ያልኩት። መሃል ላይ ስደርስ እግሬ ቀጥ አለ። ትንፋሼ አጥሮ፣ ሁለት እጄን ብረቱ ላይ አጣብቄ፣ «እመቤቴ ድረሺልኝ» እያልኩ ነው። ከሥሬ አንዲት የስምንት ዓመት የምትሆን ልጅ ቆማለች። ጫማዬን መታ መታ አድርጋ «ትራንኪላ፣ ትራንኪላ» ትለኛለች። ተረጋጊ ማለት ነው። እንግዲህ የእንጦጦ ጀግና በልጅ ተገፍታ ወጣች።

ላይ ከወጣሁ በኋላ ግን ስለ ከተማዋ አንድ ነገር ገባኝ። ኪቶ ረጅምና ቀጭን ናት። በተራሮች መሃል እንደ ነጠላ ተዘርግታለች። በስተምዕራብ ፒቺንቻ የሚባለው እሳተ ገሞራ አለ። ፊት ለፊት ኤል ፓኔሲዮ የሚባል ኮረብታ አለ፣ «ትንሿ ዳቦ» እንደማለት ነው። እውነትም ድፎ ይመስላል። አናቱ ላይ እመቤታችን ቆማለች። ከነመቆሚያዋ 41 ሜትር ነች፣ ከሺዎች የአሉሚኒየም ቁራጮች የተገጣጠመች። ክንፍ አላት። መጀመሪያ ሳያት «ይሄማ ፈጠራ ነው» አልኩ። ክንፍ ያላት ማርያም የት አይተን እናውቃለን? በኋላ ግን የራእየ ዮሐንስ 12ኛው ምዕራፍ ትዝ አለኝ። የከዋክብት አክሊል የደፋች፣ ጨረቃን የረገጠች፣ የንስር ክንፍ የተሰጣት፣ ዘንዶው የሚያሳድዳት ሴት። ዘንዶው አለ፣ ከእግሯ ሥር በሰንሰለት ታስሯል። ቃል በቃል ነው የሠሯት።

ወደዚያ የወሰደኝ ባለታክሲ የደቡብ ኪቶ ሰው ነው። ሐውልቷ ፊቷን ወደ ሰሜን ነው ያዞረችው፣ ሀብታሞቹ ወዳሉበት። «ለኛ ጀርባዋን ነው የሰጠችን» አለኝና ሳቀ። ቀልዱ የሱ ብቻ አይደለም፣ የደቡብ ሰዎች ሁሉ ይሉታል አሉ። መልስ የሰጠኝ በአንድ ዶላር ሳንቲም ነው። ኢኳዶር ከ2000 ጀምሮ የራሷን ገንዘብ ትታ የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው። ያንን ወርቃማ የዶላር ሳንቲም ግን አሜሪካ በኖርኩበት 11 ዓመት በእጄ ይዤው አላውቅም። ኪቶ ውስጥ ጉሊት የምትሸጥ ሴት ሁሉ በመቀነቷ ይዛዋለች።

የምድር ወገብ ሐውልቱን ቶሎ ልለፈው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሰሜን በኩል ነው። ቢጫ መስመር ተሰምሯል፣ ሁሉም አንድ እግሩን በሰሜን፣ አንድ እግሩን በደቡብ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። እኔም ተነሳሁ። መስመሩ ግን ከትክክለኛው ቦታ 240 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ስቷል፣ ጂፒኤስ ሲመጣ ነው የታወቀው። እዚያ አካባቢ ውሃ በገንዳ አምጥተው «በዚህ በኩል ወደ ቀኝ፣ በዚያ በኩል ወደ ግራ ይሽከረከራል» ብለው ያሳዩዋችኋል። የእጅ ጨዋታ ነው። የምድር መሽከርከር በሁለት እርምጃ ልዩነት ገንዳ ውሃ አያዞርም። አጨበጨብኩላቸው ግን፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው።

ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ።

እሺ። አሁን የመጣሁበትን ነገር ልንገራችሁ። ለዚህ መጀመሪያ አባቴን ማወቅ አለባችሁ።

አባቴ ግንበኛ ነው። ነበር ልበል፣ አሁን ጉልበቱ እምቢ ብሎት ቤት ነው። ድንጋይ ጠርቦ፣ ድንጋይ ገንብቶ ነው አራታችንንም ያሳደገን። የ10 ዓመት ልጅ ሳለሁ ለገና ላሊበላ ወሰደን። አስጎብኚያችን አንድ ዲያቆን ነበር። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ቀን ሰዎች ይሠራሉ፣ ሌሊት መላእክት ይሠራሉ፣ የመላእክቱ ደግሞ በእጥፍ ይበልጣል። እኛ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። አባቴ ግን ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ነበር። የመሮ ምልክቱን በጣቱ እየተከተለ። ከዚያ ዞር ብሎ «የሌሊቶቹስ መላእክት ናቸው። የቀኖቹ ስማቸው ማን ነበር?» አለው። ዲያቆኑ ትንሽ አሰበና «እግዚአብሔር ያውቃቸዋል» አለ። አባቴ አማተበ። «አዎ፣ እሱስ ያውቃቸዋል» አለ። አነጋገሩ ግን ቅር እንዳለው ነበር።

ኪቶ ውስጥ ሳን ፍራንሲስኮ የሚባል አደባባይ አለ። አሁን ከሥሩ የሜትሮ ጣቢያ አለው፣ በ45 ሳንቲም ከተማውን አቋርጣችሁ እሱ ጋ ብቅ ትላላችሁ። ሰፊ ነው፣ ተዳፋት፣ ድንጋይ በድንጋይ። ከላይ በኩል ነጩ የፍራንሲስካውያን ገዳም አለ፣ መሠረቱ ከ1530ዎቹ ጀምሮ ነው። ከፊቱ ትልቅ የድንጋይ ሰገነትና ግማሽ ክብ ደረጃ አለ። የዚያ ሰገነት ታሪክ ነው የገረመኝ።

ካንቱኛ የሚባል የአገሬው ተወላጅ ሰገነቱን ሊሠራ ኮንትራት ወሰደ ይላሉ። ቀኑ ደረሰ፣ ሥራው አልደረሰም። ካልጨረሰ እስር ቤት ነው። በመጨረሻዋ ሌሊት ሰይጣን መጣና «ነፍስህን ስጠኝ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ደወል ሳይደወል እጨርስልሃለሁ» አለው። ተፈራረሙ። ትንንሽ አጋንንት እንደ ጉንዳን ሰፍረው ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ሲያመላልሱ አደሩ። ካንቱኛ ግን ከድንጋዮቹ አንዷን ሰርቆ ደበቀ። ደወሉ ተደወለ። ሰይጣን «ጨረስኩ» ሲል «አልጨረስክም፣ አንድ ይጎድላል» አለው። በዚያች በጎደለች ድንጋይ ነፍሱን አተረፈ።

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የኛን መላእክት አግዘውን ነው፣ የነሱን ሰይጣን። እንዲህ ያለ ሥራ በሰው እጅ ብቻ ተሠራ ብሎ ማመን ለሁላችንም ከብዶናል። ግን ልዩነት አለው። የነሱ ተረት የግንበኛውን ስም ይዞ ቀርቷል። ጉዳዩ ሁሉ የሚሆነው ካንቱኛ ላይ ነው። የሚፈራው እሱ፣ የሚዋዋለው እሱ፣ የሚያታልለውም እሱ። የቀኑ ፈረቃ ስም አለው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 12። በቫይበር ደወልኩለት።

«አባዬ፣ ኪቶ ነኝ።»

«ኪቶ የት ነው?»

ነገርኩት። የካንቱኛንም ታሪክ ከነሰይጣኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ አልሳቀም፣ «ኮንትራቱን ሲፈርም ቀኑን በደንብ አላሰላም» አለ። ቀጠለና «ሰውየው ማን አልሽኝ?» አለ።

«ካንቱኛ።»

«ካንቱኛ» አለ። ደግሞ «ካንቱኛ» አለ፣ ስሙን በአፉ እንደሚመዝን።

ከዚያ «የጎደለችው የቷ ናት? አሳዪኝ» አለኝ።

ከየት ላምጣት? ጫማ የሚጠርግ ልጅ አጠገቤ ነበር። በምልክትም በተሰባበረ ስፓኒሽም ጠየቅኩት። በልበ ሙሉነት ወደ ቀኝ ጥግ አመለከተኝ። የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ «አይደለም፣ እዚያ ነው» ብላ ወደ ግራ አመለከተች። ቶስታዶ ነው የምትሸጠው፣ የበቆሎ ቆሎ በሉት፣ ልክ እንደኛው በእፍኝ የሚበላ። እየቆረጠምኩ ስልኬን ወደ መሬት አዘቅዝቄ በደረጃው ዙሪያ ሄድኩ። አባቴ ከጉለሌ ያዘኛል፦ «ቀስ በይ። ወደ ታች። እጅሽን አታንቀጥቅጪ። ተመለሺ፣ ተመለሺ... እዚያ ላይ ቁሚ!»

ቆምኩ። ከሰገነቱ ግድግዳ ሥር፣ በሁለት ጥርብ ድንጋዮች መሃል፣ ጥቁር ክፍተት አለ። አንድ ድንጋይ ልክ የሚያክል። ልቤ መታ።

«አባዬ፣ አገኘናት?»

ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ። ግንባሩና መነጽሩ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«የምን ማግኘት» አለ። «ውሃ መውረጃ ነው እሱ። ደግሞ በደንብ ነው የተወው። ባይተወው ኖሮ ግድግዳው ይሄን ሁሉ ዘመን አይቆምም ነበር።»