ማን ይዞት ነበር?

የተከበራችሁ የካሜራ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን አባላትና እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም አደረሳችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ቅረቡ። ፎቶ አንሺ ፊት መቀመጥ አይወድም፤ አውቃለሁ።

ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ስልኬን ስላጨናነቀው ጥያቄ ላውራ። «ጋሼ፣ የአያቴን ካሜራ ቁም ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። ስንት ያወጣል?»

መልሴ ብዙ ጊዜ ያስቀይማል። ካሜራ ስላረጀ ብቻ አይወደድም። ኮዳክ ብራውኒን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1900 በ1 ዶላር ገበያ ላይ የወጣ የካርቶን ሳጥን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን እንደ አሸን ተመርቶ ስለነበር ዛሬም ሞልቷል፤ አብዛኛው ርካሽ ነው። ዜኒትም ያው ነው። ሶቪየቶች በሚሊዮን ነው ያመረቱት። እኔም ሁለት አለኝ፤ እወዳቸዋለሁ። ቤት ግን አይገዙልኝም።

ሌላኛውን ጫፍ ደግሞ እዩት። የጀርመኑ ካሜራ ሌይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት፣ በ1923 ገደማ ሃያ ምናምን ካሜራ ለሙከራ ተሠርቶ ነበር። ከነዚያ ቁጥር 122 የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ቪየና ላይ በ2.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ጉድ ተባለ። ከ4 ዓመት በኋላ ቁጥር 105 የሌይካ ከተማ በሆነችው ቬትስላር፣ ጀርመን ላይ ለጨረታ ወጣ። 14.4 ሚሊዮን ዩሮ! ፋብሪካው አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ ዓይነቱ አንድ። 12 ሚሊዮኑ ከየት መጣ? ቁጥር 105 የኦስካር ባርናክ የግል ካሜራ ነበር፤ ሌይካን የፈለሰፈው ሰውዬ። ስሙም እላዩ ላይ ተቀርጿል። ገዢው ያን ሁሉ ብር ያፈሰሰው ለዚያ ስም ነው።

ስም ግን ይፈበረካል። አንድ አባላችን በወርቅ ቀለም የተለበጠ፣ ንስር የተቀረጸበት «የጀርመን ጦር ሌይካ» ይዞልን መጣ። ደላላው ምሎ ተገዝቶ ነው የሸጠለት። ሌንሱን ፈትተን ውስጡን አየን። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሌይካ ውስጥ፣ ሌንሱን የሚነካው ክንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ተሽከርካሪ አለው። የዚህኛው ጫፍ ሽብልቅ የመሰለ ብረት ነበር። ፌድ የሚባል የሶቪየት ካሜራ ነው! ዩክሬን፣ ካርኪቭ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ሌይካን እያዩ የሠሩት። ደግነቱ ፎቶ ያነሳል።

የራሴንም ጉድ ልናገር። ከዓመታት በፊት ከተዘጋ ፎቶ ቤት ዕቃ ውስጥ ሮለይፍሌክስ የሚባል አንድ የጀርመን ካሜራ ከነቆዳ ቦርሳው ገዛሁ። ቦርሳው ሻግቷል። ክዳኑ ውስጥ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ነበረበት፤ የሰው ስም፣ የፎቶ ቤቱ ሰፈር፣ ዓመተ ምሕረት። እኔ ሆዬ፣ ንጽሕና እወዳለሁ! ቦርሳውን በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። የካሜራውን ቆዳ በጫማ ቀለም ወለወልኩት። አንጸባረቀ። ጽሑፉ ግን ከአረፋው ጋር ሄደ። የሸጡልኝ ሰዎች አገር ለቀዋል። አሁን ያለኝ ጫማ ጫማ የሚሸት ሮለይፍሌክስ ነው።

ጀማሪዎች፣ ካነሳነው አይቀር፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበት ደግሞ ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ካሜራውን አውጥታችሁ አየር የሚያገኝበት አስቀምጡት፤ ቦርሳውን ለብቻው። ጥቁር ቀለሙ በሥራ ብዛት ተልጦ ናሱ የወጣ ሌይካ ካገኛችሁ ደግሞ እባካችሁ አትቀቡት። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን ልጣጭ ነው።

ካሜራው የማን እንደነበረ ማወቁ እኛ ዘንድ ይብስ ይከብዳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ቀጠሉበት። ነገ ከእነሱ እጅ የወጣ ካሜራ ምናለሽ ተራ ብናገኝ በምን እናውቀዋለን? ታዋቂዎቹን ተዉአቸው። ጉርድ ፎቶ ያነሱን፣ «አገጭ ቀና፣ አትሳቅ» ያሉን የየሰፈራችን ሰዎችስ? ሲያርፉ ኔጌቲቩ ቆሻሻ ይጣላል፣ ካሜራው ለቆራሌው ይሰጣል። ያጠቡት ፎቶ በየሳሎኑ ተሰቅሎ፣ ያነሳው ካሜራ ግን ባለቤት አልባ ይሆናል።

ስለዚህ ዘንድሮ ሥራ አስፈጻሚው ያመጣው ሐሳብ ይኼ ነው። እያንዳንዱ ካሜራ ካርድ ይኑረው። መለያ ቁጥሩ፣ ከማን እንደተገዛ፣ የት ፎቶ ቤት እንደሠራ ይጻፍበት። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። የማታውቁትን ባዶ ተዉት፤ ግምት አትሙሉበት።

ካርዱም እስክሪብቶውም በሩ አጠገብ ነው። ሻተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) የሚሞከርበት ጠረጴዛ መስኮቱ ጋ አለ። ቡናው እስኪፈላ አንድ አንድ ካርድ መሙላት እንችላለን። ሲኒውን ብቻ ከሌንሱ አርቁልኝ። ስብሰባው ተከፍቷል።