ለብድር ከመፈረማችን በፊት

የተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት፤ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

በዚህ አዳራሽ ለተቀመጠ ሰው ቆጥቡ ብዬ አልመክርም። እቁብ የምንጥል፣ እድር የምንከፍል፣ ከደመወዛችን በየወሩ የምናስቆርጥ ሰዎች ነን። ጥርስን ነክሶ መቆጠብን እናውቅበታለን። የጎደለን ጊዜ በገንዘብ ላይ የሚያደርሰውን ማስላት ነው።

እቁብን ውሰዱ። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ቢጥሉ እያንዳንዱ በተራው 60,000 ብር ይወስዳል። በመዝገቡ ላይ ሁሉም እኩል ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ የመጨረሻው ዓመቱን ሙሉ ሲያበድር ከርሞ ገንዘቡን የሚረከበው ዘይቱም ሲሚንቶውም ከተወደደ በኋላ ነው። ነጋዴዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ የቀደመ ዕጣ ከፍለው የሚገዙት ለዚሁ ነው።

ባንክም ዘንድ ስሌቱ ያው ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በ7 በመቶ የተቀመጠ 100,000 ብር በዓመቱ 107,000 ይሆናል፤ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ130,000 በላይ ይጠይቃል። ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ፣ ይገባል። ለአሥር ዓመት የታሰበውን ግን እዚያው መርሳት ያስከፍላል። ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ፣ ማለትም አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚገዙበትና የሚሸጡበት ገበያ አላት፤ አክሲዮን ከመግዛታችን በፊት የድርጅቱን የሒሳብ መግለጫ ማንበብ እንልመድ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ብድር ነው። አንድ ሰው 12,000 ብር ለአንድ ዓመት በ15 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። ወለዱ በመጀመሪያው የብድር መጠን ላይ ከታሰበ 1,800 ብር ይሆናል፤ በየወሩ 1,000 ብር ከዋናው፣ 150 ብር ከወለድ ይከፍላል። አሁን የመጨረሻውን ወር ልብ በሉ። በእጁ የቀረው ዕዳ 1,000 ብር ብቻ ነው፤ ለዚያች አንድ ወር ግን አሁንም 150 ብር ይከፍላል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ቢታሰብ ኖሮ የዚያ ወር ወለድ 12 ብር ከ50 ሳንቲም፣ የዓመቱም ጠቅላላ 975 ብር ይሆን ነበር። ውሉ ላይ የተጻፈው በሁለቱም በኩል 15 በመቶ ነው። የ825 ብሩ ልዩነት የተደበቀው አንድ ሰው ባልጠየቀው ጥያቄ ውስጥ ነው፤ ወለዱ የሚታሰበው በየትኛው ገንዘብ ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ የሚፈርሙ ባልደረቦቻችን ሰነፎች አይደሉም። ገንዘቡ የሚፈለገው ለሕክምና ወይም ለቤት ኪራይ ነው፤ ጭንቀት ባለበት ሰው ቁጥር አይመረምርም። የአገልግሎት ክፍያና የመድን ክፍያ ከብድሩ ላይ ሲቀነስም ዝም ብሎ ይቀበላል። ዋስ የሚሆነውም ለወዳጁ ብሎ ይፈርማል እንጂ ለስንት ብር እንደ ፈረመ አያውቅም። ይህ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ሒሳብ መደመርና ማባዛት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ ከማኅበራችን የሚበደር ማንኛውም አባል ከመፈረሙ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በየወሩ ከዋናው ስንት ከወለድ ስንት እንደሚከፍል፣ በጠቅላላውም ስንት እንደሚያወጣ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በአማርኛ ተጽፎ ይሰጠው። ዋሶቹም ቅጂውን ይውሰዱ። ከሌላ አበዳሪ ውል ይዞ የሚመጣ አባል ካለም የሒሳብ ክፍላችን አብሮት ያስላለት። የሥራ አመራር ኮሚቴው ሐሳቡን ለድምፅ እንዲያቀርብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።