የሆድ አኦርታ አብጦ ኩላሊቱ የፈረስ ኮቴ ሲሆን
(በሐዋሳ ለሐኪሞችና ለራዲዮሎጂ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

እዚህ ሐዋሳ በአልትራሳውንድ ያበጠ አኦርታ (ከልብ ወጥቶ በሆድ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ) ስናገኝ ዓይናችን ስፋቱ ላይ ይተከላል፤ ለወንድ 5.5፣ ለሴት 5 ሴንቲሜትር ደርሷል ወይ ብለን እንለካለን። ኩላሊቱን ገረፍ አድርገን እናልፋለን። ከ400 እስከ 600 ሰው ውስጥ ግን የአንዱ ኩላሊቶች ከታች ተጋጥመው የፈረስ ኮቴ ይሠራሉ፤ መጋጠሚያውም አብዛኛውን ጊዜ በአኦርታው ፊት ያልፋል። ሆድ ከፍቶ ለሚጠግን ቀዶ ሐኪም ይህ መንገድ ላይ የተጋደመ ግንድ ነው። ቢቆርጠው ይደማል፣ ሽንትም አፍስሶ በአኦርታው ምትክ የሚሰፋውን ሰው ሠራሽ ቧንቧ ሊበክል ይችላል።

የደም ሥር ቀዶ ሐኪሙ ሁዋን ፓሮዲ በ1990 እ.ኤ.አ. ቦነስ አይረስ ውስጥ የጀመረው ዘዴ በብሽሽት ገብቶ አኦርታውን ከውስጥ በስቴንት ግራፍት (በብረት መረብ በተደገፈ የጨርቅ ቧንቧ) ስለሚያለብስ መጋጠሚያውን አይነካም። እዚህ ላይ የሚያስቸግሩት ደም ቅዳዎቹ ናቸው። የፈረስ ኮቴ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ደም ቅዳዎች አሉት፤ እነሱም ከአንገቱ (ከእብጠቱ በላይ ካለው ጤናማ የአኦርታ ክፍል)፣ ከእብጠቱ ወይም ከኢሊያክ (አኦርታው ታች ከሚከፈልባቸው ደም ቅዳዎች) ይወጣሉ፤ በግራፍቱ የተሸፈነው ደም ቅዳ የሚመግበው የኩላሊት ክፍል ይሞታል። የተለመደው መመዘኛ ከ3 ሚሊሜትር የቀጠነውን መሸፈን፣ የወፈረውን ወይም የኩላሊቱን ሲሶ የሚመግበውን ማትረፍ ነው። ክሬቲኒኑ (የኩላሊት ሥራ የሚለካበት የደም ምርመራ) አስቀድሞ ከፍ ያለ በሽተኛ ላይ ግን ቀጭኗንም አትናቁ።

ዋና ዋናዎቹ የኩላሊት ደም ቅዳዎች ከሚወጡበት በታች 22 ሚሊሜትር ጤናማ አንገት አለ እንበል። የመነሻ አፏ 14ኛው ሚሊሜትር ላይ የሚያበቃ ወፍራም ተጨማሪ ደም ቅዳ ብትኖርና እሷን ለማትረፍ ግራፍቱን ከሥሯ ብንጀምር የሚተርፈን 8 ብቻ ነው። ብዙዎቹ ግራፍቶች ከ10 እስከ 15 ይሻሉ። በ8 ከተጣበቀ ከላይ ያፈሳል፤ እብጠቱም ግፊቱን እንደተሸከመ ይቀራል። ያኔ ምርጫው ለደም ቅዳዎቹ በልክ የተበሳ ግራፍት ማሠራት ነው፣ እሱም ሳምንታት ይፈጃል፤ አለዚያ ሆድ መክፈት ነው።

በቀዶ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከፊት ብቻ የሚነሳ ምስል ከአኦርታው ፊት የምትወጣውን ደም ቅዳ ይደብቃል። ሲ-አርሙን (የሚዞረውን የኤክስሬይ መሣሪያ) ወደ ጎን አዙሩ፤ ኮንትራስቱን (ደም ሥሩን በምስል የሚያሳየውን ፈሳሽ) አቅጥኑ። ከሕክምናው በኋላ የጎን ሕመምና ትኩሳት ከመጡ ኢንፌክሽን ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉ፤ የሞተ የኩላሊት ክፍልም እንዲህ ያደርጋል።

የእኛ ድርሻ ከሲቲው ይጀምራል። በ5 ሚሊሜትር የተቆረጠ ምስል ውስጥ የ2 ሚሊሜትር ደም ቅዳ ጠፍታ ልትቀር ትችላለች፤ 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የቀጠነ ይሁን። በሽተኛውን ስትልኩ ፊልሙን ብቻ አታስይዙት፤ ሲዲውን ስጡት፣ ሪፈር ወረቀቱ ላይም የደም ቅዳዎቹን ቁጥር፣ ስፋትና መነሻ ከክሬቲኒኑ ጋር ጻፉ።