ብስክሌቴን ያሰርኩበት ዛፍ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። አንድ ኑዛዜ አለብኝ። እሱ ላይ ለመድረስ ግን ትንሽ ዞር ማለት አለብኝ፣ ታገሱኝ።

የተማርኩበት ግቢ ዩኒቨርሲቲም ነው፣ የእጽዋት ማዕከልም ነው። ጎን ለጎን አይደሉም፤ አንድ ናቸው። ከዶርም ወጥታችሁ ላይብረሪ እስክትደርሱ የምታልፉት ዛፍ ሁሉ የስብስቡ አካል ነው። ለእኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ ጥላ ብቻ ነበር። ፈተና ያለበት ሰው ዛፍ አያይም።

በቀደም፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ለጉዳይ ተመልሼ ሄድኩ። ጉዳዩ ቶሎ አለቀና ሰዓት ተረፈኝ። ያኔ ነው ቆሜ ታርጋ ማንበብ የጀመርኩት። ታርጋ የምለው ግንዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ፣ ቤተሰቡ፣ የመጣበት አገር፣ ከታች ደግሞ ቁጥር። በሚስማር የተመታች መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ረጅም ብሎን ናት፤ ከጀርባዋ ስፕሪንግ አለ። ዛፉ ሲወፍር ስፕሪንጉ ይጨመቃል። ያ ባይኖር ግንዱ ታርጋዋን ቀስ እያለ ይውጣት ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ቁጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ተክሉ የተመዘገበበት ዓመት ናቸው፤ ቀጥሎ ተራ ቁጥር ይመጣል። ልክ እንደ ተማሪ አይዲ! ሪጅስትራር እኔን ሲመዘግብ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ ሰው ዛፍ ይመዘግብ ነበር ማለት ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ቦታውን የእጽዋት ማዕከል የሚያሰኘው አበባው ሳይሆን መዝገቡ ነው። መዝገብ የሌለው ያማረ ግቢ፣ ያማረ ግቢ ነው፣ በቃ።

ነገሩ የቆየ ነው። ጣሊያን ውስጥ የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ የእጽዋት ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1545 ነው። የሕክምና ተማሪዎች መድኃኒት የሚሆነውን ተክል ከሚመስለው እንዲለዩ ነበር። ታዲያ ሌባ አስቸገረ። መድኃኒቱ ውድ ነዋ! ቅጣት ቢደነገግም ሌሊት እየገቡ መስረቁን አልተዉም፤ በመጨረሻ ዙሪያውን ግንብ ተገነባ። በ1585 የተተከለ አንድ ዘንባባ ዛሬም እዚያ በሕይወት አለ።

አሜሪካ ያለው የስዋርትሞር ኮሌጅ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከ1929 ጀምሮ ግቢው የስኮት አርቦሬተም፣ ማለትም የዛፎች ስብስብ ማዕከል፣ ነው። ማንም ሰው ሳይከፍል ገብቶ ይዞራል። ተማሪዎቹ የሚመረቁት ከረጃጅም ዛፎች ሥር በተሠራ የድንጋይ መቀመጫ መሀል ነው። እኔ የምወደው ይህን ዓይነቱን ነው። በር ላይ መታወቂያ እየጠየቀ «ለሕዝብ ክፍት ነኝ» የሚል ግቢ አይዋጥልኝም።

እሺ፣ ኑዛዜው።

ከድሮ ዶርሜ ፊት ለፊት ጊንጎ የሚባል አንድ ዛፍ አለ። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው። ቁጥሩን ሳነብ እኔ ፍሬሽ የሆንኩበት ዓመት ነው። ባቾች ነን! ያኔ በእንጨት የተደገፈ ቀጭን ችግኝ ነበር። አስታወስኩት። ብስክሌቴን የማስረው እሱ ላይ ነበር፣ በሰንሰለት፣ ማቆሚያው ሩቅ ስለሆነ ብቻ።

ያኔ ያላወቅኩት ነገር ነበር። ዛፍ በቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል። ይሄኛው ዕድለኛ ነበር፤ የተላጠው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ዛፍ ደግሞ ቁስሉ እንደ እኛ አይሽርም። ውስጡን ዘግቶ ከዳር ከዳር አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። ግንዱ ላይ፣ በጉልበቴ ቁመት፣ እንደ ከንፈር ያበጠ መስመር አለ። በጣቴ ዳሰስኩት።

ታብሌት የያዘች የማዕከሉ ሠራተኛ ስታልፍ አየችኝ።

«የሚፈልጉት ዛፍ አለ?»

«አይ፣ ይሄ ጎኑን ምን ሆኖ ነው?»

ቁጥሩን አስገባች። «ቅርፊቱ በሰንሰለት ተጎድቷል፣ ብስክሌት ሳይሆን አይቀርም ይላል።» ቀኑን ጭምር ነገረችኝ። ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ።

«እነዚህ ተማሪዎች!» አለች ፈገግ ብላ።

«አዎ» አልኳት።