በርበሬያችን የሚያድነውና የማያድነው
(በሱሉልታ ለሴቶች ዕድር አባላት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቼና እህቶቼ፣ ዛሬ አብራችሁን የተቀመጣችሁ አባቶችም፤ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ ጤና አንድ ነገር ንገሪን ስትሉኝ ከየጓዳችን የማይጠፋውን በርበሬንና ሚጥሚጣን መረጥኩ። ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን ብርድ ለእናንተ አልነግራችሁም። ክረምት ሲገባ ሁላችንም ጤና ጣቢያ ከመሄዳችን በፊት ጓዳ እንገባለን። ሚጥሚጣ ጣል የተደረገበት ትኩስ ሾርባ እንጠጣለን። ላብ እስኪያሰምጠን ቀይ ወጥ እንበላለን። ለአራስ በቅቤና በበርበሬ ገንፎ እናገነፋለን። እኔ ነርስ ነኝ፤ ይህን ልማድ ላጣጥል አልመጣሁም። ብዙው ደግ ልማድ ነው። አንዳንዱ ግን ሰው ይጎዳል፤ ዛሬ እሱን በግልጽ እንነጋገር።

በርበሬ የኛ ብቻ ይመስለናል እንጂ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው። የሜክሲኮ ጥንታዊ ሕዝቦች ለሳልና ለጥርስ ሕመም ይጠቀሙበት ነበር። ወደዚህኛው ዓለም የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1492 ኮሎምበስ ከተጓዘ በኋላ ነው።

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይበልጡን የሚገኘው ፍሬዎቹን በያዘው ነጭ ክር ላይ ነው። ነርቮቻችን ሙቀትን የሚለዩበት አንድ በር አላቸው፤ ካፕሳይሲን ያንኑ በር ይከፍተዋል። አንጎላችን እሳት የነካን ይመስለዋል። ላብ ይወርዳል፤ አፍንጫና ዓይን ይፈስሳል። ይህን በር እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረጉት አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

እንግዲህ ጉንፋን ሲይዘን ትኩስና የሚያቃጥል ሾርባ አፍንጫችንን የሚከፍተው በዚህ ምክንያት ነው። እናቶቻችን ያዩት እውነት ነው። ቫይረሱን ግን አይገድለውም፤ እስኪያልፍ ያቀልልናል። ሕመም ማስታገሱም እውነት ነው። ነርቩ በካፕሳይሲን ደጋግሞ ሲነካ ስሜቱ ይደክማል። ስለዚህ አልማዝ ባለጭራ ለቀቅ ካደረገ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመም ከካፕሳይሲን የተሠራ መድኃኒት አለ። መጠኑ የተለካ፣ በሐኪም የሚታዘዝ ነው። የጓዳ በርበሬ ቁስል ላይ መነስነስ ሌላ ነገር ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ጥሬ ሥጋ ላይ ቆም ልበል። «ሚጥሚጣውና አረቄው ትሉን ይገድለዋል» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል! አይገድለውም። የኮሶ ትል እጭ ሥጋው ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው። ሚጥሚጣው የሚነካው ላዩን ነው፤ ቢነካውም አይገድለውም። የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው። ኮሶ ከያዛችሁም ጤና ጣቢያ ኑ፤ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በነገራችን ላይ ደም ግፊት ያለባችሁ፣ በሚጥሚጣ ውስጥ ጨው እንዳለ አትርሱ። እጅ አታብዙ።

ጨጓራስ? ሁሌ በርበሬን እንወቅሳለን። የጨጓራ ቁስለት ዋና ምክንያቶች ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። በርበሬ የታመመውን ጨጓራ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ካስቸገራችሁ ቀንሱ። ግን በርበሬ ትቻለሁ ብላችሁ ከምርመራ አትቅሩ። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳችሁ በዚያው ሰዓት ተነሡ።

አሁን የምናገረው ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ነው። ልጅ ሲያጠፋ በበርበሬ ማጠን። ብዙዎቻችን በዚህ አድገናል፤ «እኔም ታጥኜ ነው ሰው የሆንኩት» የሚል አይጠፋም። እናቶቼ፣ ያ ጭስ የልጁን ዓይን ያቃጥላል፤ የመተንፈሻ ቱቦውን ያጠብባል። አስም ያለበት ልጅ በዚህ ሊሞት ይችላል። አስም እንዳለበት ደግሞ አስቀድማችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ። ጎረቤት ሲያደርገው ካያችሁም ዝም አትበሉ፤ ገብታችሁ ልጁን አውጡት።

በርበሬ ስትቀነጥሱ እጃችሁ ቢቃጠል መጀመሪያ ዘይት ቀቡት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ካፕሳይሲን በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም። አፍ ሲያቃጥልም ከውሃ ይልቅ ወተት ወይም እርጎ ይሻላል።

ስትገዙ ዛላውን ግዙ፤ ጥቂቱን ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ። ከተፈጨ በኋላ ምን እንደተቀላቀለበት ማየት አይቻልም። ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተረጨ በርበሬ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ጉበት ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። መርዙ በመቁላትና በማስፈጨት አይጠፋም። የሻገተውን መርጣችሁ ጣሉ። ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ጣሉት።

የመጨረሻው ስለ ሳል ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ዝንጅብሉንም ሚጥሚጣውንም ተዉትና ለቲቢ ምርመራ ኑ። የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ዛሬ እዚህ ከመካከላችሁ የሚያስል ካለ፣ ስብሰባው ሲያበቃ እዚሁ በር ላይ እቆያለሁ፤ መጥታችሁ አነጋግሩኝ።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።