የይለፉን ወረቀት የሚፈርመው ማን ነበር?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ ከደሴ የማነሣላችሁ ጉዳይ ለዓመታት ሳብሰለስለው የኖርኩት ነው፤ ሰው የሚሸሸው ሽፍታን ሳይሆን የመንግሥት ሹመኛን ሲሆን፣ ጥገኝነት የሚጠየቀው አገር ምኑን አይቶ ሊፈርድለት ይገባል?

የእናቴ ወንድም በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ በባቲ ቁልቁለት ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ አቋርጦ ጅቡቲ ገባ። ቆይቶ በሌላ አገር ጥገኝነት ሲጠይቅ፣ ቃሉን የተቀበለው ሰው «ለምን ለፖሊስ አላመለከትህም? ለምንስ ወደ ሌላ ከተማ አልሄድህም?» አለው። አጎቴ ይህን ሲያወራን እዚህ ላይ ሲደርስ ሲኒውን ያስቀምጥ ነበር። ቤቱን የፈተሹት የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ነበሩ፤ ከከተማ የሚያስወጣውን የይለፍ ወረቀት የሚፈርመውም የእነዚያው አለቃ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር።

እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ስለ ስደተኛ ሲደነግግ፣ የአገሩን ጥበቃ ማግኘት የማይችለውን ብቻ ሳይሆን በፍርሃቱ ምክንያት ያንን ጥበቃ መጠየቅ የማይፈልገውንም ያካትታል፤ እኔ ይህችን ሁለተኛ ሐረግ የምወዳት አጎቴን ስለማገኝባት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ፣ አሳዳጁ መንግሥት በሚሆንበት ጊዜ፣ ሰውዬው በዚያው አገር ሌላ ቦታ መጠለል ይችል ነበር የሚለው ሐሳብ በመርህ ደረጃ እንደማያስኬድ አስቀምጧል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። ሊቀ መንበሩ ከአያቴ ጋር በወፍጮ ቤት የተነሣ የቆየ ጠብ ስለነበረው፣ ጠያቂው «ታዲያ ይህ የግል ቂም አይደለም ወይ?» አለው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቂም ብቻውን ስደተኛ አያሰኝምና። ነገር ግን ሊቀ መንበሩ አጎቴን «አናርኪስት» ብሎ አስመዝግቦት ነበር፤ በዚያ ወቅት ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው፣ የፖለቲካ አቋም ኖረውም አልኖረው፣ የሚጠብቀው እስር ወይም ሞት ነበር። ስለዚህ ሹመኛው ለምን ተነሣሣ ከሚለው ይልቅ በምን ኃይል ተጠቀመ፣ ከበላዩስ ሃይ የሚለው ነበረ ወይ የሚለው ሊመዘን ይገባል ባይ ነኝ።

አጎቴን የረዳው እናቴ ከሽሮ ዕቃ ሥር ደብቃ ያቆየችው መጥሪያ ነው። ጠርዙ በበርበሬ ቀልቷል፤ ማኅተሙ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።