ፎቶውን ተዉትና ድምፁን አንብቡ

እንደምን አመሻችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ የሂዩስተን ነሐሴ ነጠላችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ኤሲው እየሠራ ነው ይሉኛል። እኔ ግን አልተሰማኝም።

ኮሚቴው የሂዩስተን የኮንግረስ ተወካይ ስለነበረው ስለ ሚኪ ሊላንድ ደግነት ተናገር ብሎ አሥር ደቂቃ ሰጥቶኛል። ስለ ደግነቱ ሌሎቹ ይናገራሉ። እኔ ስለ ድምፁ ነው የመጣሁት፤ ምክር ቤት ውስጥ ስለሰጠው ድምፅ።

አስቀድሜ ግን ልናዘዝ። ታክሲ ነጂ መሆኔን ታውቃላችሁ። ግማሻችሁን ከኤርፖርት ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ። የዓለም አቀፍ ተርሚናሉ በሚኪ ሊላንድ ስም እንደሚጠራ በየቀኑ እያየሁ አልፋለሁ። ማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የነዳጅ ከበርቴ መስሎኝ ነበር። ቴክሳስ አይደል?

አንድ ቀን አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ጫንኩ። እዚሁ ሂዩስተን የፊፍዝ ዋርድ ሰፈር ሰው ናቸው። "አገርህ የት ነው?" አሉኝ። "ኢትዮጵያ" አልኩ። ዝም አሉ። በመስታወቱ ሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። "ልጃችን እናንተ አገር ነው የሞተው" አሉኝ። እኔም የወለዱት ልጅ መስሎኝ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኳቸው። "የሰፈራችንን ልጅ ሚኪን ነው የምልህ! ያውልህ፣ ስሙ እዚያ ተጽፎ!" ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ተርሚናሉ በር ላይ ደርሰናል። ያን ሁሉ ዓመት ስሙ ሥር እያቆምኩ ሻንጣ አውርጃለሁ። ሒሳብ አልቀበልም ብላቸው "አብደሃል?" ብለው ሃያ ዶላሩን ወንበሩ ላይ ጥለውት ወረዱ።

የዚያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ሚኪ በፈረንጆቹ 1979 ነው ኮንግረስ የገባው። ከ435 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት አንዱ ነው፣ አንድ ድምፅ ነው ያለው። በ1984 የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም አደረገና ሰብሳቢው ሆነ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያ ኮሚቴ ሕግ የማርቀቅ ሥልጣን አልነበረውም። ምስክር መስማት፣ ማጥናት፣ ሪፖርት ማውጣት፣ በቃ። ሕጉ የሚወጣው በሌሎች ኮሚቴዎች በኩል ነው። ሰውየው ታዲያ ምን አደረገ? የሌላውን ቢሮ በር አንኳኳ። ሪፐብሊካኑንም ዴሞክራቱንም ለመነ፣ ወተወተ፣ ነዘነዘ። በ1985፣ እኛ የሰባ ሰባቱ ድርቅ በምንለው ጊዜ፣ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአፍሪካ የረሃብ እርዳታ ሲጸድቅ ከፊት ሆነው ከገፉት አንዱ እሱ ነበር።

ደርግ ያኔ ለዋሽንግተን ጠላት ነው። "ለኮሚኒስት ስንዴ?" የሚል ሞልቷል። ከእኛ የሚያገኘው ድምፅም አልነበረም፤ እዚህ ከተማ ውስጥ በጣት የምንቆጠር ነበርን፣ ዜግነት ያለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። እንዲህ ያለውን ድምፅ ነው እኔ ድምፅ የምለው።

በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን በአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕቀብ የሚጥለውን ሕግ በቬቶ ውድቅ አደረጉ። ምክር ቤቱ በ313 ለ83 ቬቶውን ሻረው። ያ ድምፅ የእያንዳንዱ ስም እየተጻፈ የተሰጠ ነው። ሰማንያ ሦስቱም ስማቸው እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

የመጨረሻውን ታውቁታላችሁ። በእኛ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1989፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጋምቤላ፣ ፉኝዶ የሱዳን ስደተኞች ካምፕ ሲሄድ አውሮፕላኑ ተራራ ላይ ወደቀ። አሜሪካዊም ኢትዮጵያዊም፣ 16 ሰው አለቀ። ስብርባሪውን ለማግኘት ስድስት ቀን ፈጀ።

እኛስ? በየዓመቱ ሻማ እናበራለን። ጥሩ ነው። ምርጫ ሲመጣ ግን ምንድነው የምንጠይቀው? "በዓላችን ላይ መጥቷል ወይ? እንጀራ በልቷል ወይ?" አንዱን ፖለቲከኛ እዚሁ አዳራሽ ነጠላ አለበስነው። ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ቆመ፣ ማንም ደፍሮ አላስተካከለውም። "አመሰግናሎ" ሲል እልል አልን። እኔም ጎኑ ቆሜ ፎቶ ተነስቻለሁ፣ ቤቴ ተሰቅሏል። በኋላ የሰጠውን ድምፅ ሳይ፣ ፉድ ስታምፕ፣ ማለት ለድሆች የሚሰጠው የመንግሥት የምግብ እርዳታ ካርድ፣ ይቀነስ በተባለ ቁጥር ስሙ ከ"ይቀነስ" ወገን ነው። ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት እናቶች ስንቱ ያንን ካርድ እንደያዘ እናውቃለን። እልልታችንን መልሱልን የሚባልበት ቢሮ ቢኖር ነገ ጠዋት እሄድ ነበር!

በሚኪ ስም የተሰየመው የሕፃናት ረሃብ ሕግ ያለፈው በ1993 ነው፣ በበጀት ሕግ ውስጥ ተካትቶ። የምክር ቤቱ ድምፅ 218 ለ216 ነበር። ሁለት ሰው! ሚኪ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት የረሃብ ኮሚቴውን ዘጉት፤ ተተኪው ሰብሳቢ ቶኒ ሆል 22 ቀን ጾሞ ተቃወመ። እኛ አንድ ዓርብ እንኳ አልጾምንለትም።

የኢትዮጵያን ሰብዓዊ መብት ስለሚመለከተው "ኤች አር 128" ደግሞ ሁላችንም ለምክር ቤቱ አባላት ስልክ ደውለናል። በነገራችን ላይ "ኤች አር" አልነበረም፤ ሕግ ሳይሆን የውሳኔ ሐሳብ ነው። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2018 አለፈ፣ ጨፈርን። ግን ያለፈው በቃል ድምፅ ነው። "አዎ የምትሉ? አይ የምትሉ? አልፏል!" የማንም ስም አልተመዘገበም። ከዚያ በኋላ "እኔ ደግፌያችሁ ነበር" ያለንን ሁሉ አምነን አብልተናል።

ደቂቃዬ አልቋል፤ ኮሚቴው እያጉረጠረጠብኝ ነው። በሩ አጠገብ ሁለት ልጆች ላፕቶፕ ይዘው ተቀምጠዋል። የቤታችሁን ዚፕ ኮድ ንገሯቸው፣ ወኪላችሁ ምን ድምፅ እንደሰጠ ያሳዩአችኋል። ነጻ ነው፣ ቡናም አለ።

ፊት ወንበር ላይ ደግሞ ለምርጫ የመጡ ፖለቲከኛ እንግዳ አሉን። አስተርጓሚ፣ ይህቺን በደንብ ተርጉምልኝ። እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡርነትዎ። ነጠላው ከራት በኋላ ይደርስዎታል። በፊት ግን አምስት ድምፆችዎን አትሜ ይዣለሁ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር።